አምስት ደቂቃ ለዓሣው፣ አሥር ደቂቃ ለብሮኮሊው

ምግብ ማብሰል ስጀምር የዓሣ ሾርባን አንድ ሰዓት ሙሉ እሳት ላይ አቆየው ነበር። የሥጋ ሾርባ የለመድኩት እንደዚያ ነው። አጥንት ካለበት ብዙ መፍላት አለበት ብዬ አምን ነበር። ዓሣው ክር ክር ብሎ ድስቱ ውስጥ ይበተናል። መረቁም ደፍርሶ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ምረት ያመጣል። ብሮኮሊውም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበረውም። ለፓስታ ብዬ ስቀቅለው ቤቱን በሽታ ይሞላዋል። ልጄ ገና ከበር ስትገባ «ዛሬም እሱ ነው?» ትለኝ ነበር።

አሁን ሁለቱንም በየሳምንቱ እሠራለሁ፤ ልጄም ደግማ ትጨልፋለች። ቅመም አልቀየርኩም፣ አዲስ ዕቃም አልገዛሁም። የቀየርኩት ሰዓቱን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ስትሠሩ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ አጠገባችሁ አድርጉ።

መጀመሪያ መረቁ

ጥሩ የዓሣ ሾርባ ከአጥንቱ ይጀምራል። ሙሉ ዓሣ ከገዛችሁ ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣሉ። ፊሌቶ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ዓሣ ሻጩን አጥንት ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይሰጣል። ሥጋው ነጭ የሆነና ስብ የሌለው ዓሣ ምረጡ። እንደ ሳልመንና ማካሬል ያሉ ቅባታማ ዓሦች ለመብላት ግሩም ናቸው፤ አጥንታቸው ግን መረቁን ቅባት በቅባት ያደርገዋል፤ ሽታውም ይከብዳል።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ፦ ስንጥቡን አውጡ። ጭንቅላቱ ጎን ላይ ያለው ቀይ ማበጠሪያ የሚመስለው ነገር ነው። ደም ይዞ ስለሚቀር መረቁን ያበላሸዋል። አከርካሪው ላይ የተጣበቀ የደረቀ ደም ካለም በቀዝቃዛ ውሃ እየፈተጋችሁ እጠቡት። እኔ መረቄ ለምን እንደሚመር ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ ይህን ስለማላደርግ ነበር።

አንድ ኪሎ አጥንት፣ አንድ ለአራት የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ ካላችሁም አንድ ዘንግ ሰለሪ ድስት ውስጥ ጨምሩ። አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉበት። ከቀዝቃዛ መጀመሩ ቆሻሻው ቀስ ብሎ አረፋ ሆኖ እንዲወጣ ይረዳል፤ እናንተም በማንኪያ ታነሡታላችሁ። ሊፈላ ሲል እሳቱን ቀንሱ። ውሃው እዚህም እዚያም ትንሽ አረፋ ብቅ ሲያደርግ በቂ ነው፤ ከተንከተከተ ይደፈርሳል። ከዚያ 25 ደቂቃ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አጥንቱ የሚሰጠውን ሰጥቷል። የዓሣ አጥንት ቀጭን ነው፤ ኮላጅኑም፣ ማለትም መረቁን ወፈር የሚያደርገው ፕሮቲን፣ ከከብት አጥንት ኮላጅን ባነሰ ሙቀት ይሟሟል። ከዚያ በላይ ማቆየት ምረት ከመጨመር ውጪ ጥቅም የለውም።

እሳቱን አጥፍታችሁ አሥር ደቂቃ አሳርፉትና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ወይም በጥቅጥቅ ወንፊት አጥልሉት። አጥንቱን አትጭመቁት። ጨው አሁን አትጨምሩ፤ በኋላ ሾርባው ሲተን ይበዛባችኋል።

ቲማቲም ያለው ሾርባ

ይህ ለአራት ሰው ነው፤ ቤቴ ውስጥ በብዛት የሚሠራውም እሱ ነው።

500 ግራም የዓሣ ሥጋ በሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት ጣታችሁን ሥጋው ላይ ከጭንቅላት ወደ ጅራት አንሸራቱ። እሾህ ካለ ጣታችሁ ይነግራችኋል፤ በወረንጦ ንቀሉት። በተለይ ሕፃን ልጅ የሚበላ ከሆነ ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ ሥሩት። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው የነካው ዓሣ ሥጋው ይጠብቃል፣ ሾርባ ውስጥ ሲገባ አይበታተንም። በረዶ የሆነ ዓሣ ከያዛችሁ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ከማታው ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩትና ይሟሟ፤ በሙቅ ውሃ አታጣድፉት።

አንድ ቀይ ሽንኩርት ደቃቅ አድርጋችሁ በሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት በዝግታ አቁላሉ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ መቅላት የለበትም፣ መለስለስ ብቻ ነው። ሦስት ፍንጭት ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ሦስት የበሰሉ ቲማቲሞች ከትፋችሁ ጨምሩ። ቲማቲሙ ውሃው አልቆ ዘይቱ ዳር ዳር እስኪል ጠብቁ። ይህችን አትዝለሉ፤ ጥሬ ቲማቲም ያለበት ሾርባ ኮምጠጥ ብሎ ብቻውን ይቆማል።

ሁለት ድንች በትናንሹ ቆርጣችሁ ከአንድ ሊትር መረቅ ጋር ጨምሩ። 15 ደቂቃ ያህል ቀቅሉ፤ ቢላ ስትወጉበት ድንቹ ያለ ትግል መግባት አለበት። ሁሉም ነገር የሚበስለው ዓሣው ከመግባቱ በፊት ነው። ጨዉን ቅመሱ፣ አስተካክሉ፣ ሳህኑን አቅርቡ፣ ቤተሰቡን ጥሩ። ከዚያ ዓሣውን ጨምሩ።

አራት፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ። እሳቱ ዝቅ ያለ ይሁን፤ በጭልፋ አታማስሉት፣ ድስቱን ብቻ ወዝወዝ አድርጉ። የዓሣ ሥጋ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይበስላል፤ የሚፈላ ውሃ ደግሞ 100 ነው። ርቀቱን አስቡት። አንዱን ቁራጭ በሹካ ስትነኩት ሽፋን በሽፋን ከተለያየና መሃሉ መስተዋት የሚመስለው ቀለም ጠፍቶ ነጭ ከሆነ ደርሷል። እሳቱን አጥፉ። በድስቱ ሙቀት ገና መብሰሉ አይቀርም።

ሎሚ የሚጨመቀው ሳህን ላይ ነው። የባሕር ዓሣ ሲቆይ የሚያመጣው ሽታ ትራይሜቲላሚን ከሚባል ነገር ይመጣል፤ አሲድ ሲያገኘው ወደ አየር መውጣቱን ያቆማል። ሎሚና ዓሣ በየአገሩ አብረው የሚታዩት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ግን የተበላሸ ዓሣን ሎሚ አያድነውም። ስትገዙ ዓይኑ ጥርት ብሎ ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ መሆኑን እዩ።

የማርሴይ ሰዎች ቡያቤስ የሚሉት ዝነኛ የዓሣ ሾርባ ስሙ ራሱ ከማፍላትና ከማውረድ የተሠራ ነው። እዚያ ዘይቱና መረቁ እንዲዋሃዱ ሆን ተብሎ በኃይል ይፈላል። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ደስ ይላል፤ ግን ብዙ ዓይነት ዓሣ ይፈልጋል። ለሥራ ቀን ማታ ከላይ ያለው ይበቃል።

አጥንት ያላገኛችሁ ቀን ደግሞ በወተት ሥሩት። ሦስት ድንችና አንድ ሽንኩርት በአንድ ማንኪያ ቅቤ ነካ አድርጋችሁ በግማሽ ሊትር ውሃ ቀቅሉ። ከድንቹ ሲሶውን እዚያው ድስት ውስጥ ዳምጡት፤ ሾርባውን የሚያወፍረው እሱ ነው። ግማሽ ሊትር ወተት ጨምሩ፣ ሞቅ ሲል ዓሣውን ክተቱ። ወተቱ እንዳይፈላ፣ ሎሚም ቲማቲምም እንዳይነካው፤ ይቋጠራል። ስኮትላንዶች ከለን ስኪንክ የሚሉት ሾርባ በዚሁ መንገድ በጭስ ከደረቀ ሃዶክ ይሠራል። በጭስ የደረቀ ዓሣ ካገኛችሁ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ።

ብሮኮሊውና ፓስታው

ስለ ብሮኮሊ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ወይ ሦስት ደቂቃ፣ ወይ አሥር ደቂቃ። በሦስት ደቂቃ አረንጓዴና ቆርጠም የሚል ይሆናል። በአሥር ደቂቃ ቀለጥ ብሎ ራሱ ሶስ ይሆናል። መሃል ላይ ስድስትና ሰባት ደቂቃ የቀቀላችሁት ግን ቀለሙም ይሄዳል፣ ሶስም አይሆንም። ለዓመታት ያቀረብኩት ያንን ነው።

ቀለሙ የሚጠፋው ለምን መሰላችሁ? አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ክሎሮፊል መሃሉ ላይ ማግኒዥየም አለ። ሙቀትና አሲድ አንድ ላይ ሲሆኑ ማግኒዥየሙን ያስወጡታል፤ አረንጓዴው የወይራ ዓይነት ቡናማ ይሆናል። ብሮኮሊው ሲበስል ራሱ አሲድ ያወጣል፤ ድስቱን ከከደናችሁት እንፋሎቱ ይዞት ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ክዳን የለም። ሎሚም እዚህ መጨረሻ ላይ ነው። ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ። ቀለሙን ይጠብቃል፤ ብሮኮሊውን ግን ያላሽቀዋል። እኔ አልወደውም። ያ ከባድ ሽታ ደግሞ ብሮኮሊው ውስጥ ካሉ የሰልፈር ውህዶች ነው፤ በቆየ ቁጥር ይበዛል።

ግንዱን አትጣሉ። ጠንካራውን ልጣጭ በቢላ ላጡና ውስጡን እንደ ሳንቲም በስሱ ቁረጡት። እንደ እኔ ከአበባው ይልቅ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ከአበባው ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይገባል።

ለአራት ሰው 350 ግራም አጭር ፓስታና 500 ግራም ብሮኮሊ ያዙ። ሦስት ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 30 ግራም ጨው ጨምሩ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ከውሃው ጋር ይደፋል።

የአሥር ደቂቃው እንዲህ ነው። ብሮኮሊውን በጨው ውሃው ውስጥ በሹካ ሲጫኑት እስኪፈርስ ቀቅሉት። ውሃውን ሳትደፉ በቀዳዳ ጭልፋ አውጡት፤ ፓስታው እዚያው ውሃ ውስጥ ይገባል። ፓስታው ሲበስል ሰፊ መጥበሻ ላይ አምስት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይትና በስሱ የተቆረጠ ሦስት ፍንጭት ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ዘይቱ ቀዝቃዛ እያለ ይግባ። ቀስ ብሎ ወርቅማ ሲሆን አራት አንቾቪ ጣል አድርጉበት። አንቾቪ በጨው የተቀመጠ ትንሽ ዓሣ ነው፤ በማንኪያ ስትጫኑት ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል። ሳህን ላይ ዓሣ ዓሣ አይልም፣ ጣዕሙን ብቻ ያጠልቀዋል። ልጄ እንዳለበት ያወቀችው ከወራት በኋላ ነው። የደረቀ ቃሪያ ትንሽ ፍርክስ አድርጉ። ነጭ ሽንኩርቱ ካረረ ይመራል፤ ያን ጊዜ ዘይቱን ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ብሮኮሊውን መጥበሻው ላይ ገልብጣችሁ በሹካ ዳምጡት። ፓስታውን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡና ወደ መጥበሻው ጨምሩት። ከመቀቀያው ውሃ አንድ ጭልፋ አድርጉበት። በውሃው ውስጥ ያለው ስታርች ዘይቱንና ውሃውን አያይዞ ሶሱን ያወፍረዋል። ሁለት ደቂቃ በኃይል አማስሉ፤ ከደረቀ ሌላ ጭልፋ። ቺዝ ከወደዳችሁ እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ ፈቅፍቁበት፤ በእሳት ላይ ይጓጉላል። በደቡብ ኢጣሊያ በፑልያ ጆሮ የሚመስለውን ኦሬኪዬቴ ፓስታ በዚህ መንገድ ይሠሩታል። ጎድጓዳው ብሮኮሊውን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ሌላ ጎድጓዳ ፓስታም ይሆናል፤ ስፓጌቲ ግን አይዝም።

የሦስት ደቂቃው ይበልጥ ቀላል ነው። ፓስታው ሊበስል ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የብሮኮሊውን አበባ እዚያው ድስት ውስጥ ጨምሩ። አንድ ላይ አጥልሉ፤ የነጭ ሽንኩርት ዘይት፣ ቁንዶ በርበሬና የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ አድርጉበት። ከሾርባ የተረፈ ዓሣ ካለ ፈርከስ አድርጋችሁ መጨረሻ ላይ ጣሉበት። አንድ ጊዜ ከማገላበጥ በላይ አይፈልግም።

ሾርባው ራሱ ከተረፈ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። ስታሞቁት ዓሣውን በማንኪያ አውጥታችሁ ሳህን ላይ አድርጉት። መረቁን ብቻ አፍሉና ከላዩ ገልብጡበት።