ኔትወርኩ ነው የተንቀራፈፈው ወይስ አንዱን አፕ ብቻ ነው ያዘገዩት? በስልካችሁ የምትለዩበት መንገድ

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ ሰፈርም ሁኑ ቆጪ፣ ቪዲዮው ቆሞ ሲሽከረከር የሁላችንም መልስ አንድ ነው፤ «ኔትወርክ የለም»። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን መስመሩ ደህና ሆኖ አንድ አፕ ብቻ ሊዘገይ ወይም ሊዘጋ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ስልካችሁና ትንሽ ዳታ ይበቃል።

መጀመሪያ ቀላሉን አጣሩ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበታል? ጥቅሉ አልቋል? ያልተገደበ የሚባል ጥቅልም ቢሆን ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ ሊቀንስ ስለሚችል ዝርዝሩን አንብቡት። ኤርፕሌን ሞድ ከፍታችሁ ዝጉት። አሁንም ያው ከሆነ ወደ ልኬት እንሂድ።

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካውን ስፒድቴስትን ክፈቱና ቁጥሩን ያዙ። ወዲያው፣ ከተቀመጣችሁበት ሳትነሱ፣ ፋስት ዶት ኮምን ክፈቱ። ይሄኛው የኔትፍሊክስ ነው፤ የሚለካውም ቪዲዮ ከሚላክባቸው ከራሱ ሰርቨሮች ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ችግሩ በአብዛኛው መጨናነቅ ወይም ደካማ ሲግናል ነው፤ ማንንም አትጠርጥሩ። ስፒድቴስት ጥሩ እያሳየ ፋስት በተደጋጋሚ ከወረደ ግን ቪዲዮው ለብቻው እየተያዘ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፤ ሰርቨሩ ሩቅ ቢሆንም እንዲህ ያደርጋል።

ስለዚህ ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነታችሁን ሸፍኖ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ፣ ከፍታችሁ ያንኑ ቪዲዮ ድገሙት። ቪፒኤን መንገድ ስለሚያስረዝም በተለምዶ ማዘግየት እንጂ ማፍጠን አልነበረበትም። ከፈጠነላችሁ፣ ያውም ጠዋትም ማታም ደጋግማችሁ ሞክራችሁ ያው ከሆነ፣ ጥርጣሬያችሁ መሠረት አለው ማለት ነው።

ለምን? ኦፕሬተሩ፣ ማለትም መስመሩን የሚሰጣችሁ ቴሌኮም፣ የጻፋችሁትን አያነብም፣ የተመሰጠረ ነው። ወዴት እንደምትሄዱ ግን ያያል። የሰርቨሩን አድራሻ ያያል፣ ግንኙነቱ ሲጀመር የሚተላለፈውን የድረ ገጹን ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ያያል። ቪፒኤን ይህን ይሸፍንበታል።

ይህን ለማመን የሶሻል ሚዲያ ጥቅልን ማየት ይበቃል። የቴሌግራም ጥቅል የገዛ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስቡ። መምህሩ ፒዲኤፉን እዚያው ግሩፑ ላይ ከለቀቀው ከጥቅሉ ይወርዳል። የጉግል ድራይቭ ሊንክ ከላከ ግን ሊንኩ ከቴሌግራም ውጭ ስለሚከፈት ዳታው ከሌላ ጥቅል ወይም ከካርዱ ይቆረጣል፤ ልጁ «ካርዴን በላብኝ» ይላል። ቪፒኤን ከፍቶ ቴሌግራም ቢጠቀምም እንደዚያው ነው፣ ምክንያቱም ኦፕሬተሩ የሚያየው ቪፒኤኑን እንጂ ቴሌግራምን አይደለም። በዚህ ጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ ቪፒኤኑን መዝጋት አትርሱ። አያችሁ፣ ለቅናሽ ብሎ ቴሌግራምን ከሌላው ለይቶ የሚቆጥር ዓይን፣ ሲፈልግ ለይቶ ማዘግየትም መዝጋትም ይችላል። የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚባለው ጥያቄ በሙሉ እዚህ ላይ ነው፤ ለመስመሩ ከፍለናል፣ በመስመሩ ላይ ምን እንደምናይ የሚመርጠው ማን ነው?

ይሄ ደግሞ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የኢንተርኔት አቅራቢው ኮምካስት ሰዎች ፋይል የሚለዋወጡበትን የቢትቶረንት ግንኙነቶች እያቋረጠ ነው ተብሎ ሲጠረጠር፣ የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ መጽሐፍ ቅዱስን በቢትቶረንት ለማጋራት ሞክሮ ግንኙነቱ መስተጓጎሉን አረጋገጠ። እንደነዚህ ያሉ ድርጊቶችን የሚከለክል ጠንካራ ደንብ በ2015 ወጣ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጥር 2025 ፍርድ ቤት ጣለው። ህንድ ግን በ2016 እንደሚታየው ይዘት ዓይነት የዳታ ዋጋ መለያየትን ከለከለች፤ የተመረጡ ድረ ገጾችን ብቻ በነፃ የሚያስከፍተው የፌስቡክ ፍሪ ቤዚክስም እዚያ ቀረ። እኔ ህንድ ልክ ናት ባይ ነኝ፤ ርካሽ ጥቅል ደስ ይላል፣ ግን ሰው ኢንተርኔት ማለት ሁለት አፕ ብቻ እስኪመስለው ድረስ ያስለምደዋል።

የእኛንማ የሚረሳው የለም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ብለው ሌላው ግን ይሠራ ነበር።

መዘጋቱን ለማረጋገጥ ኡኒ ፕሮብ የሚባል ነፃ አፕ አለ። ፕሌይ ስቶር ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት ኦ፣ ኤን፣ አይ ብላችሁ ፈልጉት። ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ ሜሴንጀርና ሲግናል በመስመራችሁ ላይ መሥራታቸውን ይፈትሻል። የሜሴጅ አፖቹን ብቻ ምረጡ፣ የድረ ገጽና የፍጥነት ፍተሻው ዳታ ይበላል። ውጤቱ ከአገሩና ከኦፕሬተሩ ስም ጋር ለሕዝብ ይወጣል፤ ካልፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። አንድ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚለውን ፈልጉና ዲኤንኤስ ዶት ጉግል ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉበት። ከተከፈተ ችግሩ የነበረው የኦፕሬተሩ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም ወደ ሰርቨሩ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት፣ ላይ ነው።

ቪፒኤን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ኦፕሬተሩ ያይ የነበረውን አሁን የሚያየው የቪፒኤኑ ባለቤት ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለቀቀ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) በፍጹም አትጫኑ። ፕሮቶን ቪፒኤን በነፃው የዳታ ገደብ የለውም፣ እኔ እሱን ነው የምመክረው።

ለኦፕሬተሩ ስትደውሉ «ኔት ተንቀራፈፈ» ብቻ አትበሉ፤ መልሱ «እየተሠራበት ነው» ይሆናል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ ሁለቱን ቁጥሮችና ስክሪንሾቶቹን ይዛችሁ፣ «ስፒድቴስት ጥሩ እያሳየ ይሄ አፕ አይከፍትም፣ በሌላ ሲም ግን ይከፍታል» በሉ። የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። ማመልከታችሁን የሚያሳይ ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉት። መፍትሔ ከጠፋ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኞችን ቅሬታ ይቀበላል፤ ያኔ ያቺ ቁጥርና ስክሪንሾቶቹ ያስፈልጓችኋል።