የድሮ ዲዝል ሎኮሞቲቭን ትክክለኛ ቀለምና አርማ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

የድሮ ዲዝል ሎኮሞቲቭ ለማደስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቀለሙ ምን ነበር?" ብሎ ነው። ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ሠላሳ ዓመት ባቡር የጎተተ ሎኮሞቲቭ ብዙውን ጊዜ መልኩ ደጋግሞ ተቀይሯል። ኩባንያው ሲሸጥ፣ ሲዋሃድ ወይም አዲስ አርማ ሲያወጣ ሎኮሞቲቩም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት "በየትኛው ዓመት ምን ይመስል ነበር?" ተብሎ ነው።

የሚከተለው አሠራር እውነተኛውን ሎኮሞቲቭ ለሚያድስም፣ ሞዴል ለሚሠራም፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለም ለሚጨምርም ያገለግላል። ምሳሌዎቼን በብዛት የወሰድኩት ከብሪታንያና ከአሜሪካ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቀለም በፊት ዓመት ምረጡ

አንድ ዓመት ወስኑ፤ ከተቻለ ወሩንም ጭምር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ፣ አርማው፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የግንባሩ ቀለም ሁሉም ከዚያ ዓመት ጋር መስማማት አለባቸው። በእድሳት ሥራ በብዛት የሚታየው ጥፋት የተሳሳተ ቀለም አይደለም። የሁለት ዘመን ነገሮች አንድ ላይ መቀላቀላቸው ነው። ለምሳሌ ከታች በምናየው የብሪታንያ ሰማያዊ ሎኮሞቲቭ ላይ የቀድሞው ዘመን የአንበሳ አርማ ሲለጠፍ ለሚያውቅ ሰው ዓይን ይወጋል።

የዚያኑ ቁጥር ፎቶ ፈልጉ

"ተመሳሳይ ሞዴል ነው" ብላችሁ ከሌላ ሎኮሞቲቭ አትገልብጡ። የብሪታንያዎቹን ዌስተርን የሚባሉ ዲዝሎች እንይ። የመጀመሪያዋ ዲ1000 በ1961 መጨረሻ ከፋብሪካ የወጣችው የበረሃ አሸዋ በሚመስል ቀለም ተቀብታ ነው። ዲ1015 ደግሞ ወርቃማ ቢጫ ነበረች። ሌሎቹ መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቹ አረንጓዴ፣ አብዛኞቹ ጥቁር ቀይ ነበሩ። ሞዴሉ አንድ፣ መልኩ ግን አራት ዓይነት ነው።

ከሁለቱም ጎን የተነሱ ፎቶዎች ያስፈልጋሉ። የግራው ጎን የቀኙ መስታወት ላይሆን ይችላል፤ አርማው ላይ ስንደርስ ምክንያቱን ታያላችሁ። ከፎቶ ጀርባ የተጻፈን ዓመት ደግሞ እንዳለ አትቀበሉ። ብዙ ሰው ዓመቱን የሚጽፈው ቆይቶ በትዝታ ነው።

አርማውን እንደ ቀን ማኅተም አንብቡ

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከአርማው ነው። ቀለም ይደበዝዛል፣ ይቆሽሻል፣ ፎቶ ላይም ይለወጣል። የአርማ ቅርጽ ግን አይለወጥም።

ብሪታንያ የባቡር ኩባንያዎቿን በ1948 በመንግሥት እጅ ስታስገባ ብሪቲሽ ሬይልዌይስ ተመሠረተ። ከ1949 ገደማ ጀምሮ ያለው አርማ በጎማ ላይ የቆመ አንበሳ ነው። በ1956 በሌላ ተተካ፤ በአዲሱ አንበሳው ከዘውድ ውስጥ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ጎማ ይዟል። ሁለቱን ለመለየት የጎማውን ቦታ ማየት ይበቃል። ከአንበሳው እግር ሥር ከሆነ የመጀመሪያው፣ በእጁ ከሆነ ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው አርማ ሲወጣ አንበሳው በሁለቱም ጎን ወደ ፊት እንዲመለከት ተብሎ በግራና በቀኝ ዞሮ ተሠራ። የአርማ ሕግ የሚጠብቀው ተቋም ግን የተፈቀደው ወደ ግራ የሚያየው ብቻ ነው ብሎ ተቃወመ። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ጎን ወደ ግራ የሚመለከተው ብቻ ተለጠፈ። ስለዚህ ወደ ቀኝ የሚያይ አንበሳ ካገኛችሁ ፎቶው የቀደሙት ዓመታት መሆኑ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር አንድ ሙሉ ገጽ መዝገብ ታስንቃለች።

በ1965 ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ድርጅቱ አዲስ መልክ ይዞ መጣ። ጥቁር ሰማያዊ ቀለም፣ አዲስ የፊደል ቅርጽ፣ ጄሪ ባርኒ የነደፈው የድርብ ቀስት አርማም አብረው ወጡ። ቀስቱ በሎኮሞቲቭ ላይ በሁለቱም ጎን አንድ ነው፤ የላይኛው ጫፍ ወደ ቀኝ ይጠቁማል። በድርጅቱ መርከቦች ላይ ግን በግራው ጎን ተገልብጦ ይሳል ነበር። የመርከብ ፎቶ አይታችሁ ለሎኮሞቲቭ እንዳትገለብጡት።

በአሜሪካ የሚነበበው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ብዙ የግል ኩባንያ ስለነበር አርማው የሚነግራችሁ ባለቤቱን ነው። ኮንሬይል የተባለው አዲስ የባቡር ኩባንያ በሚያዝያ 1976 የከሰሩትን ኩባንያዎች ሲረከብ ሎኮሞቲቮቹን ሁሉ በአንድ ቀን መቀባት አይችልም ነበር። የአሮጌው ስም ላይ ቀለም እየደፈነ አዲሱን እየጻፈ ለዓመታት ቀጠለ። እኔ እነዚህን የተደፈኑ ሎኮሞቲቮች በጣም እወዳቸዋለሁ። የሽግግሩን ጊዜ ከየትኛውም አዲስ ቅብ በላይ በእውነት ያሳያሉ። ዓመታችሁ እዚያ ላይ ከወደቀ ድፍኑን ራሱን ቅቡ፤ "አያምርም" ብላችሁ አትዝለሉት።

ግንባሩንና ቁጥሩን ተመልከቱ

ዲዝል ከእንፋሎት ባቡር ያነሰ ድምፅና ጭስ አለው። ሐዲድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች መምጣቱን ሳያውቁ ይደርስባቸዋል። ለዚህ ነው ብሪታንያ ውስጥ ከ1962 ገደማ ጀምሮ በአረንጓዴው ግንባር ላይ ትንሽ ቢጫ ሰሌዳ የተቀባው። ከ1966 ወዲህ ግንባሩ በሙሉ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ቢጫ የለም፣ ትንሽ ቢጫ አለ፣ ሙሉ ቢጫ ነው፦ በዚህ ብቻ አንድን ፎቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማጥበብ ይቻላል።

ቁጥሩም ይረዳል። በነሐሴ 1968 የእንፋሎት ዘመን ሲያበቃ ዲዝልን ከእንፋሎት ለመለየት ከቁጥሩ ፊት የነበረችው "ዲ" ፊደል አላስፈለገችም፤ እየተነሳች ሄደች። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ለኮምፒውተር የሚመች ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር መጣ።

አሁን ወደ ቀለሙ

ጥቁርና ነጭ ፎቶን በጥንቃቄ ያዙ። ቀይ ብርሃን የማይሰማቸው የድሮ ፊልሞች ቀይን ጥቁር፣ ሰማያዊን ነጣ ያለ አድርገው ያሳያሉ። የቀለም ፊልምም ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ ፊልም በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን በደንብ ይጠብቃል፤ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ፊልሞች ግን ወደ ቀይ ያደላሉ። ፎቶው ውስጥ ነጭ ወይም ግራጫ መሆኑን በእርግጠኝነት የምታውቁት ነገር ፈልጉና በእሱ መዝኑ።

የአገልግሎቱን ዓይነትም እወቁ። የሳንታ ፌ ኩባንያ የመንገደኛ ዲዝሎች በ1937 የጄኔራል ሞተርስ ሠዓሊ ሌላንድ ኒከርቦከር የነደፈውን ቀይና ብርማ ቀለም ለበሱ። የጭነቶቹ ግን ሰማያዊና ቢጫ ነበሩ። የፔንሲልቬንያ ኩባንያ አረንጓዴ ደግሞ ከመጥቆሩ የተነሳ በፎቶ ላይ ጥቁር ነው ብላችሁ ልትምሉ ትችላላችሁ። የዚሁ ኩባንያ አምስት ቀጫጭን የወርቅ መስመሮች በኋላ በአንድ ሰፊ መስመር መተካታቸውም ዓመት ይጠቁማል።

ከፎቶ የሚበልጠው ማስረጃ ሎኮሞቲቩ ራሱ ላይ ነው። ፀሐይና ዝናብ ያልነካውን ቦታ ፈልጉ፦ ከስም ሰሌዳ ጀርባ፣ ከበር ጠርዝ ውስጥ፣ በኋላ ከተጨመረ ቆርቆሮ ሥር። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ትንሽ ክብ ቦታ ቀስ እያላችሁ ፈትጉ። መሃሉ ላይ እስከ ብረቱ ድረስ ውረዱ፤ ዳሩን አሳሱት። ንብብሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከታትሎ ይታያል፦ ፀረ ዝገት፣ መሠረት ቀለም፣ ዋናው ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ቀጣዩ ዙር። እያንዳንዱን ዙር ከፎቶዎቻችሁ ጋር አዛምዱ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። የድሮ ቀለም፣ በተለይ ቢጫውና ብርቱካናማው፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ደረቁን በፍጹም አትፈትጉ። ለደቃቅ አቧራ የተሠራ ጭንብል አድርጉ፤ የወጣውንም ጭቃ ሰብስባችሁ በጥንቃቄ አስወግዱ።

የተገለጠውን ቀለም ወዲያው አትመዝኑት። ቫርኒሽ ሲያረጅ ይበጫል፤ ሰማያዊውን አረንጓዴ ያስመስለዋል። ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ የቆየ የዘይት ቀለምም ይጠቁራል። ለጥቂት ቀናት የቀን ብርሃን ካገኘ የተወሰነው ይመለሳል። ናሙናዎችን የምታወዳድሩት በቀን ብርሃን እንጂ በአምፖል ሥር አይሁን። ሞዴል የምትሠሩ ከሆነ ቀለሙን ትንሽ አንጡት፤ ትንሽ ነገር ላይ ያው ቀለም ጠቆር ብሎ ይታያል።

አቀባቡ

ብረቱን አጽዱ፣ ፀረ ዝገት ቅቡ፣ ስቱኮ የሚፈልገውን ሙሉ፣ አለስልሱ። ፈዛዛውን ቀለም አስቀድሙ፤ ጥቁሩ በላዩ ይምጣ። ቢጫ በደንብ ስለማይሸፍን ከሥሩ ነጭ ይፈልጋል። መስመሮቹን በማስኪንግ ቴፕ ከልሉ፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክርም ቴፑን አንሱት፤ ዳሩ ይጠራል።

የአርማውን ቦታ በግምት አታድርጉት። ከጎን ቀጥ ተብሎ በተነሳ ፎቶ ላይ ልኩን የምታውቁትን ነገር፣ ለምሳሌ የጎማውን ስፋት ወይም የበሩን ቁመት፣ ለኩ። በዚያ ስሌት አርማው ከወለሉ መስመር ስንት እንደሚርቅ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ በወረቀት ቆርጣችሁ ለጥፉት፤ ራቅ ብላችሁ ከፎቶው ጋር አስተያዩት። ልክ ሲሆን ዋናውን ለጥፉ፤ ከዚያ ቫርኒሹን ቅቡ።

የተጠቀማችሁበትን የቀለም ቁጥር፣ የቅቡን ቀንና የመረጣችሁትን ዓመት መዝግቡ። ከተገኙት ንብብሮች አንዷን ክብ ደግሞ ሳትቀቡ፣ የማይታይ ቦታ ላይ በግልጽ ቫርኒሽ ብቻ ሸፍናችሁ ተዉአት። የሚቀጥለው አዳሽ ከዚያ ይጀምራል።