የላፕቶፕ ባትሪ አውጥታችሁ ከውጭ ስትሞሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሚያዝያ አንድ የፖሊ ተማሪ የላፕቶፕ ባትሪ በፌስታል ቋጥሮ ሱቄ መጣ። ፌስታሉን ስፈታው የባትሪው ፕላስቲክ በአንድ ጎኑ ቀልጦ ተሸብሽቧል፤ ከውስጡ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ይወጣል። ይህ ሽታ ከመጣ የሴሉ፣ ማለትም ባትሪው ውስጥ ከተደረደሩት ትናንሽ ባትሪዎች የአንዱ፣ ፈሳሽ ወጥቷል ማለት ነው። «ምን አደረግኸው ወንድሜ?» ስለው «ላፕቶፑ ስለተበላሸ ቻርጀሩን በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርኩት» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሽቦውን የበየደበት እጅ ንጹሕ ነበር። የጎደለው አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ነው።

ከዚሁ ልጀምር፤ ደጋግሜ የማየው እሱን ነውና። ቻርጀር የምንለው ጥቁር ሳጥን ባትሪ አይሞላም። የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 19 ወይም 19.5 አውርዶ ለላፕቶፑ ያቀብላል፣ በቃ። ባትሪውን የሚሞላው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክፍል ነው። እሱ የባትሪውን ሙቀት እየተከታተለ መጀመሪያ አምፔሩን ገድቦ ይሰጣል፤ ሴሎቹ 4.2 ቮልት ሲደርሱ ቮልቱን እዚያው ይዞ አምፔሩ እያነሰ እንዲወርድ ይጠብቃል፤ ከጀመረበት አንድ አሥረኛ ገደማ ሲቀር ያቆማል። ስድስት ሴል ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለቱ በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ተጣምረው ሦስቱ ጥንዶች በሲሪስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጋቲቭ) የተያያዙበት ነው። ሲሞላ ሦስት ጊዜ 4.2፣ ማለትም 12.6 ቮልት ይሆናል። አሁን 19.5ን ለሦስት አካፍሉት፤ ለአንዱ ጥንድ 6.5 ይደርሰዋል። የሊቲየም ሴል እዚያ አይደርስም። ወደዚያ ሲገፋ ገና ሳይደርስ ይቃጠላል።

«መጀመሪያ መሰኪያው ላይ ስሰጠው ግን እንቢ ብሎኝ ነበር» አለ ልጁ። እንቢ ያለችው ባትሪው ውስጥ ያለችው ትንሽ ቦርድ ናት። ከላፕቶፑ ጋር ካልተነጋገረች ወይም ከሴሎቹ አንዱ ከልክ በታች ከወረደ መንገዱን ትዘጋለች። እሱ እሷን አልፎ ሴሎቹ ላይ በስታኞ በየደ። እባካችሁ፣ ቦርዷ ስትዘጋ ለምን እንደዘጋች ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይዛችሁ ፈልጉ። ቦርዷን ዘላችሁ መሄድ የቤትን ፊውዝ በሚስማር እንደመተካት ነው።

ሁለተኛው የባጃጅ ባትሪ መሙያ ነው። እዚህ ባሕር ዳር በየሰፈሩ ባጃጅ የሚጠግን ጋራዥ ስላለ መሙያው በቅርብ ይገኛል። «የሱ 12 ቮልት ነው፣ የኔ ላይ 11.1 ተጽፏል፣ ይቀራረባል» ይባላል። አይቀራረብም። የባጃጅና የመኪና ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ነው፤ መሙያው እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ይወጣል። ለሦስት ሲካፈል 4.8 ነው። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከጎረቤት ጋራዥ መሙያ ተውሼ፣ ባትሪውን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ምሳ ሄድኩ። አጠገቤ ቡና የምታፈላው እህት ፉጨት ሰምታ፣ ጭሱን አይታ ገብታ ሶኬቱን ነቀለችው። ስመለስ ምንጣፉ ላይ ጣባ የሚያህል ክብ ተቃጥሎ፣ አንዱ ሴል ተፈናጥሮ በሩ ሥር ወድቆ ነበር። እሷ ባትኖር ሱቁ ብቻ ሳይሆን በቆርቆሮ የተያያዘው ሰፈር ሁሉ አደጋ ላይ ነበር። ዛሬም ቡናዋን ስጠጣ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ሶላርም ያው ነው። ከዘጌ በኩል ጀልባ የሚያሽከረክር አንድ ልጅ ለማታ መብራት ብሎ ከአሮጌ ላፕቶፕ ያወጣቸውን ሴሎች በቀጥታ ከፓኔል ጋር አገናኝቶ ነበር። 12 ቮልት የሚባል ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት በጠራራ ፀሐይ ከ20 ቮልት በላይ ያወጣል። በመሃል ለሊቲየም የተሠራ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፤ ለአሲድ ባትሪ የተሠራው አይሆንም፣ እሱም 14 ቮልት ያልፋልና።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ፦ የሞተ ሴል መቀስቀስ። ዓመት ሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ የከረመ ባትሪ ተከፍቶ ሲለካ አንዱ ጥንድ 1.2 ቮልት፣ ሌሎቹ 3.4 ያሳያሉ እንበል። ሰዉ ከጥሩ ባትሪ ሽቦ ስቦ ለጥቂት ሰከንድ ያስነካዋል፤ ቮልቱ ብድግ ይላል፤ «ተነሳ!» ብሎ መሙያ ላይ ያደርገዋል። ሴሉ ለረጅም ጊዜ ከ2 ቮልት በታች ሲቆይ ግን በውስጡ ያለው የመዳብ ወረቀት ወደ ፈሳሹ መሟሟት ይጀምራል። ስትሞሉት መዳቡ ተመልሶ ሌላ ቦታ ላይ ይለጠፋል፤ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ከውስጥ የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ ሊሆን ይችላል። ያ ሴል በዚያው ቀን ደህና ይመስላል። ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሌሊት ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ እኔ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ ከ3 ቮልት በላይ ከሆነ እንደ ደንቡ እሞላለሁ፤ ከ2.5 እስከ 3 ከሆነ ከመደበኛው አምፔር አንድ አሥረኛውን ብቻ እየሰጠሁ 3 እስኪደርስ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ከ2 በታች ከሆነ ዋጋው ምንም ቢሆን አልነካውም። ከ2 እስከ 2.5 ያለውን፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ ካላወቅሁ፣ እሱንም እተወዋለሁ። ከሞላ በኋላ ደግሞ ለብቻው አስቀምጬ በማግስቱና በሳምንቱ እለካለሁ። ብቻውን እየወረደ ከሄደ አይታመንም።

ቴስተር የሌለው ሰው ባትሪ አይክፈት።

ሰማያዊዋ ቲፒ4056 የምትባለው ትንሽ የመሙያ ቦርድ ጥሩ ናት፤ ርካሽም ናት። በ5 ቮልት ትሠራለች፣ 4.2 ላይ ትቆማለች፣ ብዙዎቹ 1 አምፔር ይሰጣሉ። ግን የተሠራችው ለአንድ ሴል ወይም በፓራለል ለታሰሩ ሴሎች ነው። ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሦስት ቦርድ ገዝተው፣ ሦስቱንም ከአንድ የስልክ ቻርጀር አብልተው፣ ገና በሲሪስ ከተያያዙት ጥንዶች ጋር አንድ አንድ ሲያገናኙ ነው። የሦስቱ ቦርዶች ኔጋቲቭ በዚያ ቻርጀር በኩል አንድ ይሆናል፤ በባትሪው ላይ ግን ሦስቱ ኔጋቲቮች የተለያየ ቦታ ናቸው። ስለዚህ ሴሎቹ ሾርት ይሆናሉ፣ ሽቦው ይግላል። ወይ ጥንዶቹን ሙሉ በሙሉ ለያዩ፣ ወይ አንድ በአንድ ሙሉ። ቦርዷ ራሷ ስለምትሞቅ በናስትሮ አትጠቅልሏት።

አይማክስ ቢ6 የተባለው፣ ብዙ ዓይነት ባትሪ የሚሞላ ማሽን ያላችሁ ደግሞ የባትሪውን ዓይነትና ብዛት ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። ለኒኬል ባትሪ የተዘጋጀው ምርጫ 4.2 ላይ አይቆምም። እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው የምታስለካው የባላንስ ሽቦም መሰካት አለባት፤ አለበለዚያ ማሽኑ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው፣ አንዱ ጥንድ 4.4፣ ሌላው 3.9 ሆኖ ድምሩ ልክ ሊመስል ይችላል። አዳዲሶቹ ጠፍጣፋ ባትሪዎች ከ4.2 በላይ እንዲሞሉ ተሠርተው ይሆናል፤ 4.2 ላይ ብታቆሟቸው ትንሽ ሳይሞሉ ይቀራሉ እንጂ አይጎዱም።

አምፔር ማብዛት ትርፍ የለውም። 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ለሆነ ሴል 1 አምፔር ይበቃዋል።

የተለያየ ቮልት ያላቸውን ሴሎች በፓራለል አትሰሩ፤ ሙሉው ወደ ባዶው ያለ ገደብ ይፈስሳል።

እንደ ድንጋይ ባትሪ ረዘም ያለው ክብ ሴል ቆርቆሮ አካሉ በሙሉ ኔጋቲቭ ነው። ፖዘቲቭ የሆነችው ጫፉ ላይ ያለችው ጉብታ ብቻ ናት፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሩዝ ፍሬ ወርድ አይበልጥም። ላስቲኩ የተላጠ ሴል ላይ ካቻቢቴ ቢያመልጣችሁ የምታዩት ብልጭታ ትንሽ አይሆንም። የሚበይድ ብረት በቀጥታ ሴሉ ላይ አታሳርፉ።

ስለ ሙቀት፦ የሊቲየም ሴል ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ መሞላት የለበትም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባትሪው ገና ሳይጀምር ሞቆ ይጠብቃችኋል። በማለዳ ሙሉ። እጃችሁን አሳርፋችሁ ማቆየት ካልቻላችሁ ንቀሉ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ አይሞላም።

ማታ ሰክቶ መተኛትን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ። «መብራት የሚቆየው ሌሊት ነው፣ ቀን ይሄዳል» ይሉኛል። ችግሩ ይገባኛል፤ ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ርካሽ ቻርጀር ደግሞ መጀመሪያ የሚበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው። እናንተ ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት ካልሆነ አትሰኩ። መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ተመልሶ ትንሽ ቆይቶ ሲረጋ ስኩት።

እኔ ባትሪ የምሞላው በሱቁ ደጃፍ ባለው ሲሚንቶ ላይ፣ ከፌስታልና ከካርቶን ርቆ ነው። አጠገቡ ባልዲ ውኃ አለ። አሸዋ እሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ሴሉን አያበርደውም፤ አንዱ ሴል ሲነድ ጎረቤቱን ስለሚያሞቅ የሚያስፈልገው ማብረድ ነው። ከተነሳ መጀመሪያ የግድግዳውን ሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቆማችሁ ውኃውን አብዝታችሁ አፍስሱ። ጭሱ መርዝ ስላለው አትተንፍሱት፤ ቤት ውስጥ ከሆነና ጭሱ ከቀደማችሁ ሰዉን ይዛችሁ ውጡ። የጠፋ ቢመስልም ባትሪውን ወዲያው አንስታችሁ ቤት አታስገቡ፤ እዚያው ውጭ ይደር፣ ሌላው ሴል ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ይችላልና።