የሥራን ጭራ መቁረጥ፦ ለጎንደር ነጋዴና ደመወዝተኛ

ሥራና ቤትን ማስማማት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አንድ ደብተር ይግዛ። ለሰባት ቀን ጊዜዎ የት እንደሚገባ በየግማሽ ሰዓቱ በአራት ዓምድ ይጻፉ፦ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ ማኅበራዊ ግዴታ (እድር፣ ለቅሶ፣ ሰንበቴ)፣ እንቅልፍና ዕረፍት። ማታ በአንዴ ልጻፈው ካሉ አይሆንም፤ በስልክ ያለፈው ሰዓት እስከ ማታ ተረስቶ ያድራል።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 48 የሥራ፣ 56 የእንቅልፍ፣ ከአዘዞ ፒያሳ ለሚመላለስ በቀን አንድ ሰዓት መንገድ ቢባል የስድስት ቀኑ 6 ሰዓት፤ ይህ ሁሉ ተቀንሶ 58 ይተርፋል። ደብተሩ ላይ ግን ይህ ትርፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚበላው የሥራው ጭራ ነው፦ «እሷን አንዷን ብቻ ልሽጥላት»፣ እራት ላይ የሚደወል ስልክ፣ በፌስታል ቤት የሚገባ ወረቀት።

ሱቅ ያለው ሰው ምሽት 1 ሰዓት መውጣት ከፈለገ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መዝጋት ይጀምር። መጀመሪያ ውጭ የተሰቀለውንና የተደረደረውን ዕቃ ያስገቡና በሩን ገርበብ ያድርጉት፤ ያኔ ደንበኛው ሳይነገረው ይገባዋል። ቀጥሎ ጥሬ ገንዘቡን ይቁጠሩ፣ በባንክና በቴሌብር የገባውን ለብቻ ይደምሩ፣ የቀኑን ዱቤ ይመዝግቡ። በመጨረሻ ነገ የሚገዛውን ሦስት አራት መስመር ጽፈው ደብተሩን እዚያው ሱቁ ውስጥ ይተዉት። ዱቤ ሳይጻፍ ከተወጣ እንጀራው ቀርቦም ሐሳብዎ ሒሳቡ ላይ ነው። ከተዘጋ በኋላ የሚያንኳኳ ጎረቤት አይጠፋም፤ ለመድኃኒትና ለሕፃን ወተት ይክፈቱ፣ ለስኳር ግን ከከፈቱ የመዝጊያ ሰዓትዎን በሳምንት ውስጥ የሚያከብረው አይኖርም።

ደመወዝተኛው ደግሞ ሕጉን ይወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የሳምንቱ ዕረፍትም ከ24 ተከታታይ ሰዓት ማነስ የለበትም። ትርፍ ሰዓት በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው ጣሪያው። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይሰላል። ወር ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ሰው በተለመደው ስሌት ለ208 (26 ቀን በ8 ሰዓት) ሲካፈል የሰዓቱ 50 ብር ነው፤ በዕረፍት ቀኑ ሲሠራ በሰዓት 100 ብር ይታሰብለታል። የትርፍ ሰዓት ትእዛዝ በአፍ ብቻ ከተሰጠ በወሩ መጨረሻ «ማን አዘዘህ?» የሚል ክርክር ይመጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ በቴሌግራም ያስጽፉት። የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይዳኙም።

ከሥራ ግሩፕ መውጣት ቅያሜ ያመጣል። ድምፁን ማጥፋት ይበቃል፤ አለቃዎንም «ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ፣ ሌላውን ጠዋት አየዋለሁ» ብለው አንድ ጊዜ ይንገሩ። ቡና ሲፈላ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ቤተሰቡ በአንድ ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት ይኸው ነውና ሌላ ፕሮግራም መፍጠር አያስፈልግም።

ብዙ ምክር ሰጪ «እምቢ ማለትን ልመዱ» ይላል። ጎንደር ላይ ለቅሶን እምቢ የሚል ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ ብቻውን ይቀመጣል፤ የሚያዋጣው መከፋፈል ነው። የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ፦ ከአንድ ቤት አንድ ሰው መገኘት የሚበቃ ከሆነ ባልና ሚስት ተራ ይግቡ። ለቅርብ ዘመድ ቀብርም ሣልስትም ይዋላል፤ ለሩቅ ትውውቅ ከሥራ መልስ ለቅሶ ቤት ገብቶ መውጣት ነውር የለውም።

ደብተሩ ላይ የሚስት የቤት ሥራ ዓምድ ከባል በእጥፍ ረዝሞ ከተገኘ ማመጣጠኑ ከዚያ ይጀመር። «አግዛታለሁ» የሚለው አይሠራም፤ ምን ይሠራ እንደሆነ ማሰቡ እሷው ላይ ይቀራልና። አንድን ሥራ ከነሐሳቡ ይውሰዱ፦ ለምሳሌ የቅዳሜ ገበያን ሸመታ፣ ምን እንዳለቀ ከማየት እስከ ዕቃው መደርደር። እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀን ተቆርጦለት ይጋገር፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈልግ ለእሑድ ምጣድ ዓርብ ይቦካል።

የሌሊት ዱቲ ያለበት ሰው ጠዋት ወደ ባንክና ወደ ቀበሌ ጉዳይ እየሄደ እንቅልፉን ይበላል። መጀመሪያ ይተኛ፣ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ያጨልም፤ ከመተኛቱ በፊት ባሉት ስድስት ሰዓታት ቡና አይጠጣ።

በዚያው አዋጅ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሆቴልና አስጎብኝነት ላይ ያለ ሰው በከተራና በጥምቀት ሳምንት ፈቃድ ቢጠይቅ አያገኝም፤ ልጆች ቤት የሚውሉበትን ክረምት ይምረጥ። አሠሪው ቢያስተላልፈው እንኳ ከሁለት ዓመት በላይ ማቆየት አይችልም፤ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብተው አንዱን ቅጂ በማኅተም ተቀብለው ይያዙ።