ጉድጓድ የመታውን ጎማ መመርመርና በአራቱም እግር ለሚነዳ መኪና ምትክ መምረጥ

መኪናዎ በፍጥነት እየሄደ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ፣ መሪው ባይንቀጠቀጥም እንኳ አመቺ ቦታ ላይ አቁመው ጎማውን ይመርምሩ። ምቱ ጎማውን ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ሲያጣብቀው በጎኑ ውስጥ ያሉት ክሮች ሊበጠሱ ይችላሉ፤ ያኔ አየሩ የሳሳውን ላስቲክ ወደ ውጭ ስለሚገፋው ግማሽ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይወጣል። መዳፍዎን በጎኑ ላይ ቀስ አድርገው ቢያሳልፉ ዓይን የሳተውን እጅ ያገኘዋል፤ ወደ መኪናው ሥር የዞረውን ጎንም አይርሱ። እንዲህ ያበጠ ጎማ ድንገት ሊፈነዳ ስለሚችል በምንም ዓይነት አይጠገንም፣ ወዲያውኑ በስኮርታ ይቀየር። ቸርኬውና አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቅጣጫ ትክክል መሆኑ) አብረው ይታዩ።

ምትክ ሲገዙ በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ ጎማ ጥርሱ ካለቀው ይልቅ ዙሪያው ስለሚሰፋ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚዞረው ካለቀው ያነሰ ጊዜ ነው፤ ይህ ልዩነት ሳያቋርጥ ሲቀጥል ኃይል የሚያከፋፍሉትን ክላቾችና ዲፈረንሻሉን እያሞቀ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ የአራቱንም ጥርስ ጥልቀት በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ አዲስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ሲኖረው፣ በጎማዎቹ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ግን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለእርስዎ መኪና የሚፈቀደው ልዩነት በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል። የቀሩት ሦስቱ ገና ካልተበሉ በምርት፣ በልክና በጥርስ ቅርጽ የሚመሳሰል አንድ ጎማ ይበቃል። ከተበሉ ግን አራቱንም በአንድ ጊዜ እንዲቀይሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ወጪው ቢከብድም ዲፈረንሻል ከማስቀየር ይቀላል። ከመክፈልዎ በፊት በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞች ያንብቡ፦ 2324 ማለት በ2024 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።