ላዩ ግሎ ውስጡ ያልሞቀ ዘንግ

በኢንዳክሽን ማሞቂያ (በጥቅል ሽቦ ውስጥ በሚመላለስ ጅረት ብረትን በሚያግል ማሽን) 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ሳግል ላዩ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ መዶሻው ሲያርፍበት ግን መሐሉ እምቢ ይላል። የጫፉ ዳር ወደ ፊት ሲሳብ መሐሉ ጎድጉዶ ይቀራል፤ ይህ የውስጡን አለመሞቅ የሚያሳብቅ ምልክት ነው።

ኃይል መጨመር አልረዳም፤ እንዲያውም ላዩ ይላጥ ጀመር። ነገሩ ያለው ድግግሞሹ ላይ፣ ማለትም ጅረቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ላይ ነው፤ ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር ጅረቱ ወደ ብረቱ ውስጥ የሚጠልቀው ያነሰ ነው። ብረት ከ770 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ መግነጢሳዊ ባሕርዩን ያጣል። ከዚያ በኋላ በ10 ኪሎ ኸርዝ ጅረቱ የሚጠልቀው 5 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ወደ መሐል የሚደርሰው ሙቀት ከላዩ ቀስ እያለ የሚሰርገው ነው።

ስለዚህ የካፓሲተሮቹን (ከጥቅል ሽቦው ጋር ሆነው ድግግሞሹን የሚወስኑትን የኤሌክትሪክ ኃይል ማከማቻዎች) አቅም አራት እጥፍ አደረግሁት። ድግግሞሹ በግማሽ ወረደ፣ ጥልቀቱም ወደ 8 ሚሊ ሜትር ተጠጋ። ኢንቨርተሩ (ተመላላሹን ጅረት የሚያመነጨው ክፍል) አዲሱን ድግግሞሽ መከተል መቻሉን፣ ካፓሲተሮቹም ቮልቴጁን መሸከማቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግድ ነው። እባካችሁ፣ ማሽኑ ከጠፋም በኋላ ካፓሲተር ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ሳያራግፉ መንካት ነፍስ ያጠፋል!

ወደ 1200 ዲግሪ ሲጠጋ ኃይሉን ዝቅ አድርጌ ጥቂት አቆየዋለሁ። አሁን ዘንጉ እስከ መሐሉ እኩል ይለጠጣል።