ፓስወርዳችሁን ሳያውቁ አካውንታችሁ ውስጥ የሚገቡት እንዴት ነው? ስለ ኩኪ

ብዙ ሰው ስለ ኩኪ የሚያስበው ያቺ "አክሴፕት ኦል" የምትል ሳጥን ስትመጣበት ብቻ ነው። ተጭኖ ያልፋል፣ አለቀ። ትልቁ አደጋ ግን ያ ሳጥን ላይ አይደለም። አደጋው ያለው አንድ ጊዜ ሎግኢን ካደረጋችሁ በኋላ ብሮውዘራችሁ ውስጥ የምትቀመጠው ኩኪ ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ፈቃድ ሳትጠይቅ ነው የምትገባው፣ ያለሷም ሳይቱ አይሠራላችሁም። ስለዚህ ከእሷ እንጀምር።

ሰርቨር፣ ማለትም ሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ በራሱ ማንንም አያስታውስም። አንድ ገጽ ከፍታችሁ ወዲያው ሌላውን ብትከፍቱ፣ ሁለቱን የጠየቀው አንድ ሰው ይሁን ሁለት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው ብሮውዘር ሠሪ ድርጅት የሚሠራ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ፕሮግራመር ለዚህ መላ አመጣ። ሰርቨሩ ለብሮውዘሩ አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ብሮውዘሩ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ወደዚያው ሳይት በሄደ ቁጥር ጽሑፏን መልሶ ያሳያል። ኩኪ ይቺው ናት። ቫይረስ አይደለችም፣ ፕሮግራምም አይደለችም። መጠኗም ቢበዛ 4 ኪሎባይት አካባቢ ነው።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኮምፒውተር ላይ በክሮም ፌስቡክን ክፈቱና ኤፍ12 የሚለውን ተጫኑ። ከላይ "አፕሊኬሽን"፣ ከጎን ደግሞ "ኩኪስ" የሚል ታገኛላችሁ። ሰንጠረዥ ይወጣል። ከነዚያ መስመሮች አንዷ "ሲ ዩዘር" ትላለች፤ ፊት ለፊቷ ያለው የአካውንታችሁ መለያ ቁጥር ነው። ሌላዋ "ኤክስ ኤስ" ትላለች፣ እሷ ዘንድ ያለው የተዘበራረቀ የፊደልና የቁጥር ክምር ነው። ፓስወርዳችሁ የትም የለም። ፌስቡክ ግን እናንተ መሆናችሁን አምኖ ገጹን የሚከፍትላችሁ በነዚህ ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ ስታስቀምጡ ቁጥር እንደሚሰጧችሁ አድርጋችሁ አስቡት፤ ስትወጡ ስማችሁን የሚጠይቅ የለም፣ ቁጥሩን የያዘ ቦርሳውን ይዞ ይሄዳል። ያንን ሰንጠረዥ ፎቶ አንስታችሁ ለማንም አትላኩ። "ፕሮፋይልህን ማን እንዳየ ለማወቅ ይህን ኮድ እዚህ ለጥፍ" የሚሏችሁንም እንዳትሰሙ፤ እዚያ የምትለጥፉት ኮድ የሚሠራው በእናንተ ስም ነው።

አሁን ዋናው ነገር ግልጽ ይሆናል። ያቺን ኩኪ የቀዳ ሰው ፓስወርድ አያስፈልገውም። በስልካችሁ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድም አያስቆመውም፣ ምክንያቱም ኮዱ የሚጠየቀው ስትገቡ ነው፣ ኩኪዋ ደግሞ የምትሰጠው ከገባችሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 ላይ ሊነስ ቴክ ቲፕስ የተባለው ከ15 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው የዩትዩብ ቻናል የተጠለፈው በዚሁ መንገድ ነበር። አንድ ሠራተኛ ከስፖንሰር የመጣ ፒዲኤፍ የሚመስል ፋይል ከፈተ፣ በውስጡ የነበረው ቫይረስ ከብሮውዘሩ የሎግኢን መረጃውን ጠራርጎ ላከ፣ ከዚያ ቻናሉ ላይ የክሪፕቶ ማጭበርበሪያ ላይቭ መተላለፍ ጀመረ። ሥራቸው ኮምፒውተር የሆነ ሰዎች ናቸው። ቻናል ያላችሁ ሰዎች፣ "ማስታወቂያ ልንሰጥዎ እንፈልጋለን፣ ዝርዝሩ በተያያዘው ፋይል ውስጥ ነው" የሚል ኢሜይል ሲመጣ፣ በተለይ ፋይሉ በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕ ከሆነ፣ አትክፈቱት።

እኛ ጋ ግን ይህ ቫይረስ የሚገባበት አንዱ ትልቅ በር ክራክ ነው፤ የሚከፈልበት ፕሮግራም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተደርጎ የተሰበረው ማለት ነው። በቴሌግራም ቻናል በነፃ የሚለቀቀው ፎቶሾፕ፣ የዊንዶውስ አክቲቬተር፣ የጌም ቺት። "መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፉ" የሚል መመሪያ ካለው እዚያው ተዉት። ይህን አጥብቄ የምለው ሰው አካውንቱን ባጣ ቁጥር "ፓስወርዴን ማን ነገረው?" እያለ ቤተሰቡንና ጓደኛውን ሲጠረጥር ስለማይ ነው። የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። የብሮውዘር ኤክስቴንሽንም፣ ብሮውዘር ላይ የሚጨመረው ትንሽ ፕሮግራም፣ እንደዚሁ ነው፤ "የምትጎበኟቸውን ሳይቶች በሙሉ ማንበብና መለወጥ" የሚል ፈቃድ ኤክስቴንሽኑ ከጠየቃችሁ፣ የሚጠይቀው ከልቡ ነው። የማትጠቀሙበትን ዛሬውኑ አውጡት።

የሰው ኮምፒውተር ላይ ስትሆኑስ? ኢንተርኔት ካፌ፣ ቢሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ላብ። ብዙ ሰው መስኮቱን በኤክስ ዘግቶ ይነሳል። ያ መውጣት አይደለም። አብዛኞቹ የሎግኢን ኩኪዎች ለሳምንታትና ለወራት እንዲቆዩ ተደርገው የተሰጡ ናቸው፤ ብሮውዘሩ ሲዘጋ አይጠፉም። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ፌስቡክ ብሎ ሲጽፍ የእናንተ ገጽ ይከፈትለታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኢንኮግኒቶ የሚባለውን የብሮውዘሩን የግል መስኮት ከፍታችሁ ግቡ፣ ስትጨርሱ ሎግአውት በሉ፣ ከዚያ የኢንኮግኒቶ መስኮቶቹን ሁሉ ዝጉ። ኢንኮግኒቶ ኩኪዎቹን ሲዘጋ ያጠፋል እንጂ ከኢንተርኔት አቅራቢውም ሆነ ከመሥሪያ ቤታችሁ ኔትወርክ አይደብቃችሁም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኩኪ ማጥፋትና ሎግአውት ማለት አንድ አይደሉም። ኩኪ ስታጠፉ የጠፋው እናንተ ጋ ያለው ነው። ቀደም ብሎ የቀዳው ሰው ጋ ያለው ግን ሰርቨሩ እስካልሰረዘው ድረስ ይሠራል። ሰርቨሩ ላይ የሚያሰርዘው ሎግአውት ነው። ስለዚህ አካውንታችሁ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ከጠረጠራችሁ፣ ቫይረስ ከሌለበት ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሁናችሁ "የገባችሁባቸው መሣሪያዎች" የሚለውን ዝርዝር ክፈቱ። ጉግል ላይ በአካውንት ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ የሚለው ስር ነው፣ ፌስቡክ ላይ አካውንትስ ሴንተር ውስጥ ፓስወርድ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለው ስር፣ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ዲቫይስስ የሚለው ነው። የማታውቁትን ሁሉ አስወጡ። ከዚያ ፓስወርድ ቀይሩ። ፌስቡክ ፓስወርድ ስትቀይሩ ከሌሎች መሣሪያዎች ላስወጣችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ አዎ በሉት። ቫይረስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ግን አዲሱን ፓስወርድ አትጻፉ። አዲሷም ኩኪ ወዲያው ትሄዳለች።

ወደዚያች ሳጥን እንመለስ። ሳጥኗ በብዛት የምትመለከተው የማስታወቂያና የክትትል ኩኪዎችን ነው። ዜና እያነበባችሁበት ያለው ገጽ ላይ የሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ይኖራል፣ ያ ድርጅት የራሱን ኩኪ ያስቀምጣል፣ ጫማ የምታዩበት ሳይት ላይም እሱው አለ፣ ስለዚህ ሁለቱን ያየው አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል። ሰርድ ፓርቲ ኩኪ የሚባለው ይህ ነው። ሳጥኗን ያመጣት የአውሮፓ ሕግ ነው፣ እዚያም ቢሆን ድርጅቶቹ መቀበሉን በአንድ ጠቅታ፣ እምቢ ማለቱን ደግሞ በብዙ ጠቅታ አድርገውት ነበር። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ በዚሁ ምክንያት ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታውቋል። "ሪጀክት ኦል" የሚል ካለ ተጫኑት። ምንም አይቀርባችሁም።

ከዚያ የተሻለው ግን አንድ ጊዜ ብሮውዘሩን ማስተካከል ነው። የአፕል ብሮውዘር ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሰርድ ፓርቲ ኩኪዎችን በራሱ ይከለክላል፣ ፋየርፎክስም እያንዳንዱ ሳይት ኩኪውን ለብቻው እንዲይዝ ያደርጋል። ክሮም ላይ ግን ራሳችሁ ናችሁ። ጉግል አስቀራቸዋለሁ ብሎ ለዓመታት ሲያራዝም ቆይቶ በመጨረሻ ሐሳቡን ትቶታል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሦስቷን ነጥብ፣ ሴቲንግ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ፣ ከዚያ ብሎክ የሚለውን ምረጡ። አንዳንድ ሳይት በዚህ ምክንያት እምቢ ሊላችሁ ይችላል፤ ለዚያ ሳይት ብቻ መፍቀድ ይቻላል።

የካፌ ዋይፋይ ድሮ እውነተኛ ስጋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የሚባል ኤክስቴንሽን ወጥቶ አንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው የጎረቤቱን የፌስቡክ ኩኪ በጠቅታ ይወስድ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሳይት መረጃውን ቆልፎ በሚልከው በኤችቲቲፒኤስ ስለሚሠራ ያ መንገድ ተዘግቷል። ብሮውዘሩ "ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም" ብሎ የማስጠንቀቂያ ገጽ ሲያመጣ ግን "ግድ የለም" ብላችሁ አትለፉ።

ኩኪዎቹን ሁሉ ለማጥፋት ከፈለጋችሁ ክሮም ላይ "ዲሊት ብራውዚንግ ዳታ" ውስጥ ገብታችሁ "ኩኪስ" የሚለውን ብቻ ምረጡ፣ "ፓስወርድስ" የሚለው ላይ ምልክት እንዳይኖር። ከአብዛኛው አካውንት ስለሚያስወጣችሁ ግን መጀመሪያ ፓስወርዳችሁን የምታውቁት መሆኑን እዩ። ማስመለሻ ስልክ ቁጥሩንም እዩት። ዱባይ ወይም ጅዳ ሄዶ ጂሜይሉን አሁንም በተዘጋ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ያስመዘገበ ሰው ብዙ ነው። ኮዱ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን የምትቀይሩት ኩኪዎቹ ከመጥፋታቸው በፊት፣ አካውንቱ ክፍት እያለ ይሁን።